ከጅብራ ሜዳ የመጣው ፎቶ

ለውድ ወንድሜ ለታከለ በላቸው
ጁባ

ወንድምዓለም፣ ጤናህ እንዴት ነው? የአገሩ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ያች ወባ ዘንድሮ ተመልሳ አልጎበኘችህም? ባለቤትህ ወንጌላዊትስ ደኅና ናት? ጋራዡ ሥራ አለው? እኔ በናፍቆትህ ካልሆነ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አባየ፣ እማየና እህታችን ቃልኪዳንም በአካል ደኅና ናቸው። በአካል ያልኩህ አስቤበት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስታነብ ትደርስበታለህ። ብቻ የደብዳቤውን ርዝመት አይተህ ክፉ ነገር ደርሷል ብለህ እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሰው አልሞተብንም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ብዙ ቀን ይጠፋል። ሲመጣም ድምፅህን ስሰማ አንደበቴ ይያዝና ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነቱ አውርቼ እዘጋለሁ። አሁን የሥራ ባልደረባዬ የሕሊና ወንድም ሰውአገኝ ወደ ጁባ እንደሚመጣ ስሰማ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ሸጋ ልጅ ነው። እማየ የላከችልህን በሶና በርበሬ ይዞልሃል፤ ቤትህ አስገብተህ አስተናግደው።

ሥራሽ ምንድን ነው እያልክ ስትጠይቀኝ "ፎቶ አያለሁ" ብዬህ ስንስቅ ነበር። ዛሬ ግን ደኅና አድርጌ ላስረዳህ፣ አለዚያ የሚከተለው አይገባህም። የምሠራበት የጥናት ፕሮጀክት ደጋው ላይ ካሜራዎች አስሯል፤ አንዱም ከመንደራችን በላይ ጅብራ ሜዳ ላይ ነው። ካሜራው ትንሽ ሣጥን ናት። እንጨት ላይ ትታሰርና ፊት ለፊቷ ነፍስ ያለው ነገር ባለፈ ቁጥር ማንም ሳይነካት ታነሣለች። የፓርኩ ጠባቂዎች በየጊዜው ካርዱን እያወጡ ወደ ጎንደር ይልኩልናል። እኔና ሕሊና አራዳ ባለችው ቢሯችን ተቀምጠን እያንዳንዱን ፎቶ እያየን የምን እንስሳ እንደሆነ እንለያለን።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። እንስሳ ግን እንደ ሙሽራ ቆሞ አይነሣልህም፤ አንዳንዱ ጀርባውን፣ አንዳንዱ አንድ እግሩን ብቻ አሳይቶህ ያልፋል። የሌሊቱ ፎቶ ሁሉ ግራጫ ነው፤ የቀኑም ጭጋግ ከወረደ ከሌሊቱ አይሻልም። ልጆች ሳለን ሁሉንም ቀበሮ ነበር የምንለው። እዚህ ግን ቀይ ቀበሮን፣ ተራውን ቀበሮና የቤት ውሻን መለየት የግድ ነው። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ተራው ቀበሮ ጀርባው ግራጫ፣ እግሩም አጠር ያለ ነው። ውሻ ደግሞ ሁለቱንም ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የምንከራከረውም በእርሱ ነው። ቀይ ቀበሮ ከእኛ አገር ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም፤ የቀረውም ጥቂት ነው። ኑሮው አይጥ እያደነ ነው እንጂ የሰው በረት እየሰበረ አይደለም።

ጅብራ ሜዳ ላይ አንድ የቀይ ቀበሮ ቤተሰብ ነበረ። እናቲቱ ጎኗ ላይ ጠባሳ ስላለባት በጭጋግም ቢሆን አንስታትም ነበር። ከጥር ጀምሮ ቡችሎቿ ከጉድጓዳቸው እየወጡ ሲላፉ፣ ጅራቷን ሲነክሱባት እናይ ነበር። ሕሊና አዲስ ካርድ በመጣ ቁጥር ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "ልጆቹ እንዴት ሰነበቱ?" ትለኛለች።

እንግዲህ ከጥምቀት በኋላ መንደራችን ውስጥ ግልገል መጥፋት ጀመረ። ደጋግሞ የተጎዳው የክርስትና አባትህ የአያ ቢሻው ቤት ነው። የጾሙ መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንታ የወለደችባቸው በግ ከነግልገሎቿ በጠራራ ቀን ተበላችባቸው። ሰው ሁሉ ቀይ ቀበሮ ነው አለ። ሜዳው ላይ ሁልጊዜ የሚታየው እርሱ ነዋ። የአያ ቢሻው ልጅ አወቀ፣ የምታውቀው ነው፣ "ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንገላገላቸው" ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው ሁሉ ሊስማማ ሲል አባየ ተቃወሙ። "ያላየነውን አንግደል። ካሜራው እዚያው ነው ያለው። ልጄ ጎንደር ሆና ታየዋለች። እርሷ ቀበሮ ነው ካለች እኔም ዝም እላለሁ። እስከ ደብረ ዘይት እሑድ ታገሡኝ" አሉ። የአባየን ቃል የሚያልፍ አልነበረምና እሺ ተባለ። አባየም ከካርዱ ጋር በጠባቂው በኩል መልእክት ላኩብኝ፦ ልጄ ደኅና አድርጋ ትየው፣ ሰው በቃሌ ላይ ቆሟል።

ካርዱ የደረሰን ደብረ ዘይት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሌላውን ሁሉ ትተን የአያ ቢሻው በግ የተበላችባትን ቀን ፈለግን። አገኘናት። ጭጋጉ እስከ መሬት ወርዷል። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ቀይ እንስሳ ግልገል በአንገቱ ነክሶ እየጎተተ ይወጣል። ደረቱ ነጭ ነው። ሕሊና ራሷን ይዛ "ወይኔ ዓይናለም፣ ቀይ ቀበሮ ነው፤ አለቀላቸው" አለች። ቀጥሎ ባለው ፎቶ ጀርባውን ሰጥቷል። ጅራቱን አየሁት፤ ወደ ላይ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አድርጎታል። ቀበሮ እንዲህ አይሄድም። "ውሻ ነው!" ብዬ በደስታ ጮህኩ። ቀጣዩን ከፈትኩት። ወደ ካሜራው ዞሯል። ቀኝ ጆሮው ከግማሹ የለም።

ጆሮውን የቆረጥከው አንተ ነህ። ቡችላ ሳለ፣ ንቁ ይሆናል ብለህ፣ እኔ ጭንቅላቱን ይዤልህ። ዳማ ነበር፣ ወንድምዓለም። የእኛው ዳማ።

ሕሊና ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት። ከተቀመጠችበት ተነሥታ በሩን ዘጋችና "ስሚኝ፣ ጭጋግ ነው። 'አይታወቅም' ብለሽ እለፊው። ማንም አይጠይቅሽም። ካልሆነም ተራ ቀበሮ በዪው" አለችኝ። አዝናልኝ ነው፤ ክፉ ልብ የላትም። አልዋሽህም፣ አሰብኩበት። አባየ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው የተናገሩት ቃል ትዝ አለኝ። ግን አይታወቅም ብል መንደሩ ቀይ ቀበሮ ብሎ ይተረጉመዋል፤ ተራ ቀበሮ ብልም መርዝ አይመርጥም፣ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚገድለው። ዳማም ነገ ሌላ ግልገል ይበላል። የቤት ውሻ ብዬ ጻፍኩና ቢሮው ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ስደውል ስልኩ አይሠራም። አባየ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙ ብዬ በማግሥቱ በሚኒባስ ተነሣሁ። ወለቃን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ከእሑድ በፊት ከደረስኩ ሁሉም ይሰናዳል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ግን መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። የእማየ ዘመድ ቤት አደርኩ። በማግሥቱም አልተከፈተም። አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር እየወጣሁ ስጠይቅ ዋልኩ። ደባርቅ የገባሁት ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ በእግሬ ስወጣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ከሁሉም ቀድሞ የተቀበለኝ ዳማ ነው። ከሩቅ አሽትቶኝ እየሮጠ መጣና ጅራቱን እየቆላ እጄን ላሰኝ። ራሱን ደባበስኩት። ምን ላድርግ? አድራጎቱን አያውቀው።

እግሬን ታጥቤ እንደተቀመጥኩ አባየ "አየሽው?" አሉኝ። አየሁት አልኩ። "ቀበሮ ነው?" አሉ። አይደለም አባየ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ ወደ እማየ ዞረው "ብዬሽ አልነበር!" አሉ። ያ ደስታቸው እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። ወደ እሳቱ አስጠግተው አዩት። አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት። ዳማ በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። ወደ እርሱ ተመልክተው "ጆሮው ነው" አሉ። እማየ ደረቷን ይዛ "በጾሙ የሚወረወርለት ጠፍቶ ነው። እኔ ነኝ ያስራብኩት" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ኋላም ወደ እኔ ዞራ "ምነው ልጄ ዝም ብትይ? ማን ያውቅብን ነበር?" አለችኝ። አባየ "ተያት አማረች፤ እዪው ብዬ የላክሁባት እኔ ነኝ" አሏት። ዳማን ገመድ አምጥተው አሰሩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባየ ሽማግሌዎቹን ቅጥር ግቢው ውስጥ አስቆሙና ራሳቸው ተናገሩ፤ እኔን አንድ ቃል እንድናገር አላደረጉኝም። "የበላው የእኔ ውሻ ነው። በተበሉት በጎቻችሁ ፈንታ ከበጎቼ መርጣችሁ ውሰዱ። ቀበሮዎቹን ተዉአቸው" አሉ። አያ ቢሻው መሬት መሬት እያዩ "ቀበሮ ቢሆን በተሻለኝ ነበር፣ ወንድሜ በላቸው" አሉ። "በቀበሮ አልቀየምም፤ ዱር ነው፣ አያውቀኝም። ያንተ ውሻ ግን ደጄ ላይ አጥንት እየወረወርኩለት ያደገ ነው።"

ያን ጊዜ አወቀን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። አባቱ ምን ሆንክ ሲሉት "ዓርብ ዕለት አስቀምጬዋለሁ" አለ። የሚጠበቀው መልስ አይመጣም ብሎ ተስፋ ቆርጦ፣ ለሰብል ተባይ የሚረጨውን መድኃኒት የሞተ ግልገል ላይ አፍስሶ ጅብራ ሜዳ ጥሎት መጥቷል። እኔ አምባ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ መኪና ስጠይቅ በዋልኩባት ቀን።

ሁላችንም ሽቅብ ሮጥን። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አገልድመው ሮጡ። መጀመሪያ ያገኘነው ጥንብ አንሣዎችን ነው፤ ክንፋቸውን ዘርግተው በየቦታው ወድቀዋል። ከዚያ እናቲቱን አገኘናት። ሥጋውን ለቡችሎቿ ይዛ ሄዳ ኖሯል፤ የሞተችው ጉድጓዷ አፍ ላይ ነው፣ እነርሱም ዙሪያዋን። በፎቶ ትልቅ ትመስለኝ ነበር፤ ሳያት ቀጭን ናት። ጠባሳዋን በእጄ ነካሁት። ሰው ማንም ማንንም አልሰደበም። አያ ቢሻው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ አባየ ተንበርክከው ድንጋይ እየሰበሰቡ ሬሳዎቹን መሸፈን ጀመሩ፣ ሌላ እንስሳ በልቶ እንዳይሞት። አወቀ ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ "ተው፣ አንተ ተው" አሉት። በቁጣ አልነበረም፤ እርሱ ግን እንደ ቁጣ ሰማው።

ጠባቂዎቹ መጥተው መርዙን ያኖረው ማን ነው እያሉ መጠየቅ ሲጀምሩ አወቀ ጠፋ። ወደ መተማ በኩል፣ ወደ ሰሊጡ እርሻ ወርዷል ይላሉ፤ ደኅና ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የሰማ የለም። አያ ቢሻው ለሰው ሲናገሩ "የበላቸው ውሻ በጎቼንም ልጄንም በላብኝ" ብለዋል አሉ። እውነት ለመናገር፣ ምን ብዬ እፈርድባቸዋለሁ?

ሥጋ የለመደ ውሻ አይመለስምና ዳማ እንዲገደል ተፈረደ። ቃልኪዳን ለሰው ይሰጥ፣ ከተማ ይወሰድ ብላ ለመነች። አባየ ለሌላ ሰው አልሰጡትም፤ ጠመንጃቸውን አንግተው ራሳቸው ከኮረብታው ጀርባ ወሰዱት። ገመዱን እንኳ አልጎተቱትም፤ ደስ ብሎት ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ተኩሱን ቤት ሆነን ሰማነው። አባየ ሲመለሱ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። አንተ ያሳደግከው ስለሆነ ይህን ሳልነግርህ ብቀር ደስ ባለኝ ነበር።

በጎቹንም አባየ ቃላቸውን ጠብቀው ሰጡ። ሌሎቹ ተቀበሉ። አያ ቢሻው ግን አልተቀበሉም። ጠዋት ቃልኪዳን የነዳቻቸው በጎች በዚያው ቀን ተመልሰው ደጃችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ደግመን ነዳን፤ ደግመው መለሱልን። ብር ወይም በግ ቢጠይቁን እንዴት በቀለለን! ለዳግማ ትንሣኤ አባየ ቤታቸው ድረስ ሄደው በሩ አልተከፈተላቸውም። ከዚያ ወዲህ በሚካኤል ማኅበር አያ ቢሻው አባየ ካሉ አይመጡም፤ አባየም ይህን ሲያውቁ ራሳቸው መቅረት ጀመሩ። በጎቹን በተራ እንጠብቅ የነበረውም ፈርሷል፤ ሰው ከብቱን ከእኛ ከብት ጋር ማዋል ፈራ። ቃልኪዳን ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። አባየ ግን አንድም ቀን እኔን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ስልኩ ሲሠራ እማየን አባየ እንዴት ናቸው ብዬ ጠየቅኳት። "አሁን ሸጋ ናቸው። በጎቹን ይዘው ጅብራ ሜዳ እየወጡ ከነአያ ቢሻው ጋር ይውላሉ፤ ሲገቡ እየተጫወትን ዋልን ይሉኛል" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ለሕሊና ስነግራት ሰነበትኩ።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ካርድ መጣ። ቀበሮ የለበትም። አይጥ፣ ቁራ፣ ነፋስ ያወዛወዘው ሣር፤ ከዚያ በጎች። ከበጎቹ ኋላ አንድ ሽማግሌ። ጭጋግ ነበር፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ ሌላ ሰው ቢያየው ማንነታቸውን አይለይም። እኔ በአቋቋማቸው ለየኋቸው። የሚቀጥለውም ቀን እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውም። ቀበሮዎቹን በሸፈኑበት የድንጋይ ክምር አጠገብ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በጎቹን ያያሉ። ከጎናቸው ሰው ይኖራል ብዬ ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ ባንድ አየኋቸው። አንድም ቀን ማንም አልነበረም። ሥራ ነውና የምን እንደሆነና ስንት እንደሆነ መጻፍ አለብኝ። ሰው፣ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ባለውም ሰው፣ አንድ። ሕሊና ማን ናቸው አለችኝ፤ አልነገርኳትም። ለእማየም አልነገርኳትም፤ አንተም አደራ እንዳትነግራት፤ ያ ጨዋታ ቢያንስ በእርሷ ዘንድ ይኑር።

አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አያ ቢሻው አሁንም ታከለ ልጄ ነው ይላሉ፤ ባንተ ቂም የለባቸውም። ለእርሳቸው ለብቻቸው ጻፍላቸው። ስለ ውሻውና ስለ በጎቹ አታንሣ፤ ስለ ጤናቸው ጠይቃቸው፣ አወቀንም መተማ በኩል ከሚመላለሱት ሾፌሮች እያጠያየቅህ ፈልግላቸው። የልጃቸው ወሬ ካንተ ከመጣ በሩን ይከፍቱ ይሆናል። ላይከፍቱም ይችላሉ። እኔ ግን ሌላ የማውቀው መንገድ የለም። ክረምቱ እየገባ ነው፤ አባየ በዚህ ዕድሜያቸው በዚያ ብርድ ብቻቸውን ሲውሉ እያየሁ ደመወዜን መቀበል ከብዶኛል።

ለወንጌላዊት እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ያላየኋትን እህቴን ጉንጯን ሳምልኝ። ለጋራዥ ጓደኞችህም ሁሉ ሰላም በልልኝ። እማየ በየዕለቱ በጸሎት ስምህን እየጠራች ትስምሃለች፤ በርበሬውን ጸሐይ አስመቺው በላት ብላለች። ቃልኪዳን ናፍቀኸኛል፣ ፎቶህን ላክልኝ ትላለች። ሕሊና ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች። አባየን ለታከለ ምን ልበልልዎ ብዬ ብጠይቃቸው "በጊዜ ቤቱ ይግባ፣ በማታ አይሂድ በይልኝ" አሉኝ።

የምትወድህ እህትህ
ዓይናለም በላቸው

ጎንደር፣ አዘዞ
ሰኔ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.